ቀጣዩ መቼ ይመጣል? ስለ አውቶቡስና ባቡር የመረጃ ሰሌዳ የተደረገ ምልልስ

ስለ ከተማ ትራንስፖርት ክርክር ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ አውቶቡስ ብዛት፣ ስለ መንገድ ስፋትና ስለ ታሪፍ ነው። ተሳፋሪው ፌርማታ ላይ ቆሞ ስለሚያውቀውና ስለማያውቀው ነገር የሚነጋገር ግን ጥቂት ነው። የሚከተለው ምልልስ ይህን የተዘነጋ ጉዳይ ያነሳል። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ባለሙያ፣ ሁለተኛው ዕድሜያቸውን በመንግሥት የበጀት ሥራ ላይ ያሳለፉ አጎቷ። ስም አልሰጠኋቸውም፤ ክርክራቸው የሁለት ሰዎች ብቻ አይደለምና። እኔ በሐሳብ የቆምኩት ከባለሙያዋ ጎን ነው። የአጎቷን ጥያቄ ግን ሳላለሳልስ አቅርቤዋለሁ፤ በጠንካራ ጥያቄ ያልተፈተነ ሐሳብ የሕዝብ ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።

አጎት፦ ልጄ፣ በየአገሩ ጣቢያና ፌርማታ ላይ ስለሚሰቀለው የመረጃ ሰሌዳ አጥብቀሽ ስትናገሪ እሰማለሁ። እኔ በጀት ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የምጠይቀው ከወጪው በመነሳት ነው። ሰሌዳው አውቶቡሱን አያፈጥነውም፣ ባቡሩንም አያበዛውም። ለአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በይፋ የተነገረ ነገር ነው። ሰው ረጅም ሰልፍ ይዞ በሚቆምበት ከተማ «ቀጣዩ አውቶቡስ ከ25 ደቂቃ በኋላ ይደርሳል» ብሎ መጻፍ ምን ይፈይዳል? በዚያው ገንዘብ ጎማ ቢገዛበት፣ የቆመ ሞተር ቢጠገንበት አይሻልም?

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰሌዳ አውቶቡስን ይተካል የሚል ካለ እኔም አብሬዎት እቃወመዋለሁ። ነገር ግን የሚጠብቅ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሁለት ዓይነት መሆኑን እንይ። አንዱ የሚያልፈው ጊዜ ነው፤ ሌላው ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ አለማወቁ ነው። 25 ደቂቃ መሆኑን ያወቀ ሰው ምርጫ አለው። በእግሩ ሊሄድ፣ ከሌሎች ጋር ታክሲ ሊይዝ፣ ወደ ሥራ ቦታው ደውሎ እንደሚዘገይ ሊናገር፣ ወይም ጥላ ያለበት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ያላወቀው ሰው ግን አምስት ደቂቃም ይሁን አንድ ሰዓት እዚያው እንደቆመ ይቀራል፤ ትቶ ቢሄድ አውቶቡሱ ያኔ የሚመጣ ይመስለዋልና። ስለዚህ እኔ ማንኛውንም የመረጃ ሰሌዳ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ያነበበው ወይም የሰማው ተሳፋሪ አንድ ነገር እንዲወስን አስችሎታል ወይ? ካስቻለው ሰሌዳው እንደ በሩና እንደ ወንበሩ የአገልግሎቱ አካል ሆኗል። ካላስቻለው ግን የግድግዳ ጌጥ ነው፤ ለእሱ ገንዘብ ባይወጣ ይሻላል።

ይህ የግምት ነገር አይደለም፤ ተጠንቷል። በኔዘርላንድስ ሔግ ከተማ የትራም ፌርማታዎች ላይ ሰሌዳ ከመተከሉ በፊትና በኋላ ተሳፋሪዎች ምን ያህል እንደጠበቁ ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ጠበቅን የሚሉት ጊዜ ሰሌዳው ከገባ በኋላ በ20 በመቶ ቀንሷል። በአሜሪካ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአውቶቡሱን መድረሻ በስልካቸው የሚያዩትንና የማያዩትን ተሳፋሪዎች አነጻጽሯል። መረጃ የሌላቸው የጠበቁትን ጊዜ ከእውነተኛው አስረዝመው ሲገምቱ፣ መረጃ ያላቸው ለእውነቱ የቀረበ ግምት ሰጥተዋል። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው ግን መረጃ ያላቸው በእርግጥም ወደ 2 ደቂቃ ገደማ ያነሰ መጠበቃቸው ነው። አውቶቡሱ አልፈጠነላቸውም፤ ከቤት ወይም ከቢሮ የሚወጡበትን ሰዓት ራሳቸው ወስነው ነው።

አጎት፦ ሁለተኛውን እቀበላለሁ፤ የተቆጠረ ደቂቃ ነውና። የመጀመሪያው ግን ያሳስበኛል። ሰውየው ያው ሰዓት ቆሞ፣ ያው ሰልፍ ይዞ፣ ስሜቱ ብቻ ከተሻለ ይህ ማስታገሻ ነው። ሕመሙን ሳያድኑ ማስታገሻ መስጠት ደግሞ ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት የሚመች ነገር ነው። ሕዝቡ ቅሬታውን ሲቀንስ ድርጅቱ ተጨማሪ አውቶቡስ ለማሰማራት ምን ያስገድደዋል? እኔ በጀት ላይ ሳለሁ ብዙ ነገር በዚህ መንገድ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ የሚታየው ነገር ተሠርቶ የማይታየው ይቀራል።

ባለሙያዋ፦ አደጋው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሰሌዳውን መተው ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ነገር አብሮ መጠየቅ ነው። ሰሌዳው ደቂቃ የሚናገረው እያንዳንዱ አውቶቡስ የት እንዳለ የሚያውቅ ሥርዓት ከኋላው ሲኖር ነው። ያ ሥርዓት ደግሞ የስምሪት ክፍሉ ዋና መሣሪያ ነው። በአንድ መስመር ላይ በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ያልፋል እንበል። ልዩነታቸው ከተጠበቀ፣ ሳያስብ ወደ ፌርማታ የመጣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው አውቶቡሶች ሁለት ሁለት ሆነው ተከታትለው በየ20 ደቂቃው ከመጡ ግን አማካዩ 10 ደቂቃ ይሆናል። የአውቶቡሱ ቁጥር ያው፣ ነዳጁ ያው፣ የሾፌሩ ደመወዝ ያው ነው፤ የሕዝቡ ጥበቃ ግን እጥፍ ሆነ። ይህ መደራረብ ደግሞ በራሱ የሚባባስ ነገር ነው። ትንሽ የዘገየው አውቶቡስ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል፤ ያን ሁሉ ሲያሳፍር ይበልጥ ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚያገኝ ይፈጥንና ይደርስበታል። ይህን የሚያርመው ተቆጣጣሪ አውቶቡሶቹ የት እንዳሉ ሳያይ ማረም አይችልም። ስለዚህ ለጎማና ለሞተር ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ለዚህም ሊፈልግ ይገባዋል፤ በእጅ ያለውን አውቶቡስ በአግባቡ ማሰማራት አዲስ ከመግዛት የማይተናነስ ጥቅም አለውና።

የለንደንን ታሪክ ይመልከቱ። ከተማዋ የፌርማታ ሰሌዳን የሞከረችው እ.ኤ.አ. በ1992 በ18 ቁጥር አውቶቡስ መስመር ላይ ነበር። ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ አውቶቡሶቿን ሁሉ በሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ፣ በጎማ ዙር ቆጣሪና በሬዲዮ አስተሳሰረች። ያ አንድ ሥርዓት ሦስት ሥራ ይሠራል። ለተቆጣጣሪው አውቶቡሶቹ የት እንዳሉ ያሳያል፤ ፌርማታ ላይ ለቆመው ደቂቃ ይነግራል፤ ውስጥ ለተቀመጠው ደግሞ የሚቀጥለውን ፌርማታ በጽሑፍና በድምፅ ያሳውቃል። ማስታገሻ ነው ያሉት ሰሌዳ እንግዲህ የሕክምናው መሣሪያ የሚታየው ገጽ ነው። በዚያ ላይ ድርጅቱ ስለራሱ የሚያውቀውን ነገር ሕዝቡም እንዲያውቀው ያደርጋል። «25 ደቂቃ» ብሎ በአደባባይ የጻፈ ድርጅት መስመሩ በየ10 ደቂቃው ይሠራል ብሎ ሪፖርት ሊያቀርብ አይችልም። ቅሬታን ያዳፍናል ብለው የፈሩት ነገር ቅሬታ አቅራቢውን ማስረጃ ያስይዘዋል።

አጎት፦ መልካም፣ ከጀርባ ያለው ሥርዓት ያስፈልጋል እንበል። ታዲያ መረጃው ስልክ ላይ ይምጣ፤ የሲያትሉ ጥናትሽም የስልክ ነው። ዛሬ ሞባይል ያልያዘ ሰው ጥቂት ነው። ፌርማታ ላይ የሚተከል ስክሪን ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ መብራት ሲጠፋ ይጨልማል፣ ጥገና ይፈልጋል። ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ የገዙት ስክሪን ኪሳቸው ውስጥ እያለ መንግሥት ሌላ ስክሪን ለምን ይገዛል?

ባለሙያዋ፦ የስልኩን ጥቅም አልክድም። ለንደን ራሷ በየፌርማታው ስክሪን አልተከለችም። ካሏት ወደ 19,000 የሚደርሱ የአውቶቡስ ፌርማታዎች መካከል የመድረሻ ሰሌዳ የተተከለው ወደ 2,500 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ለእያንዳንዱ ፌርማታ ባለ አምስት አኃዝ መለያ ቁጥር ተሰጠው፤ ማንም ሰው ያን ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ልኮ የአውቶቡሱን መድረሻ ማወቅ እንዲችል ተደረገ። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክም አገለገለ ማለት ነው። ፖርትላንድ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የአውቶቡሶቿን መርሐ ግብር ለጉግል ከፍታ ሰጠች፤ ያኔ የተጀመረው የአጻጻፍ ሥርዓት ዛሬ ብዙ የዓለም ከተሞች የጉዞ መረጃቸውን የሚያካፍሉበት ሆኗል። እነዚህ ሁለቱ በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው የሚያገለግሉ ናቸውና እኛም ልንጀምርባቸው ይገባል።

ሆኖም ስልክ የሚያገለግለው ባትሪ ያለውን፣ ዳታ የገዛውን፣ መተግበሪያውን የጫነውን፣ ማንበብና መፈለግ የሚችለውን ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ አማራጭ የሌለው፣ አውቶቡስ የግድ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ዓይነ ስውሩ፣ አዛውንቷ፣ ዛሬ ከገጠር የገባው እንግዳ፣ ልጅ አዝላ ዕቃ የያዘችው እናት እነዚህ ናቸው። ከዚህም ሌላ ስልክ ላይ ያለ መረጃ ለአንድ ሰው የተነገረ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ያለው ለሁሉም እኩል የተነገረ ነው። ሰልፍ ላይ ያለው ሁሉ አንድ ነገር ሲያነብ ይመካከራል፣ አብሮ ይወስናል። ተከታዩ አውቶቡስ በ2 ደቂቃ እንደሚመጣ ያየ ሰው የመጀመሪያው በር ላይ አይጋፋም፤ ይህም ቅድም ያልኩትን መደራረብ ያቃልላል። ይህ ውጤት የሚገኘው ሁሉም ሲያውቅ እንጂ ስልክ የያዙ ጥቂቶች ሲያውቁ አይደለም።

አጎት፦ ውጭ ላለው ይሁን። ውስጥ ለተሳፈረውስ? እኛ አገር ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አለ፤ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ጠርቶ ያሳፍራል፣ ፌርማታ ሲደርስ ይናገራል፣ የጠየቀውን ሰው ያወርዳል። አንድ ሰው የሚሠራውንና የሚተዳደርበትን ነገር በማሽን መተካት ምን ይጠቅማል?

ባለሙያዋ፦ ረዳቱን ስላነሱት ደስ ብሎኛል፤ ስለ መረጃ ስንናገር የእሱን ሥራ መናቅ ትልቅ ስህተት ነውና። የከተማችን ታክሲ ለዓይነ ስውርና ማንበብ ለማይችል ሰው እስከ ዛሬ ተደራሽ የሆነው በረዳቱ ድምፅ ነው። ሌላው ዓለም ይህንኑ ነገር በሕግ ሲያስገድድ ኖሯል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግና ደንቡ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ወይም መሣሪያ ቢያንስ መቀያየሪያ ቦታዎችንና ዋና መገናኛዎችን፣ አካል ጉዳተኛ ከጠየቀም ማንኛውንም ፌርማታ በድምፅ እንዲያሳውቅ ያዛል። ብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ደንብ፣ እስከ ጥቅምት 2026 ድረስ አብዛኞቹ የአካባቢ አውቶቡሶች መስመራቸውንና ቀጣዩን ፌርማታ በድምፅም በጽሑፍም እንዲናገሩ ወስናለች። መስማት የተሳነው ጽሑፉን፣ ማየት የተሳነው ድምፁን ያገኛል ማለት ነው። ሕጉ እዚያ የደረሰበትን ግማሽ የኛ ረዳት ያለ ሕግ ሲሠራው ቆይቷል።

ግን ልኩንም እንወቅ። ረዳቱ የሚጠራው የራሱን መኪና መድረሻ ነው፤ ተከታዩ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው መስመር እንደተቋረጠ አይነግረንም፤ ሊያውቅም አይችልም። ተሳፋሪው «ወራጅ አለ!» የሚለው ደግሞ መውረጃውን ሲያውቀው ነው። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ቃሉን በየትኛው ቅጽበት እንደሚለው አያውቅም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ካልረዳው ያልፈዋል። በትልቅ አውቶቡስና በባቡር ደግሞ ሁሉንም ቀርቦ የሚያናግር ረዳት የለም። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያመጣው አዲስ ነገር አንዱ ይህ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም ያለውን ሐዲድ በጋራ ይጠቀማሉ። ሜክሲኮ ጣቢያ ላይ ወደ ምሥራቅ ለመሄድ የቆመ ሰው ፊት የሚመጣው ባቡር ወደ አያት የሚሄድ ወይም ወደ ቃሊቲ የሚታጠፍ ይሆናል። መሳፈሪያው አንድ፣ ሐዲዱ አንድ፣ መድረሻው ግን ሁለት ነው። እዚህ ቦታ ላይ መረጃ ያላገኘ ሰው ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይወሰዳል። የሚመጣው ባቡር መድረሻ በሩ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ፣ በቀለምና በድምፅ መነገር ያለበት ለዚህ ነው።

አጎት፦ ማንበብ የማይችለውን ጠቅሰሻል። ሰሌዳ ለእሱ ምን ያደርግለታል? ሌላም ጥያቄ ልጨምር፤ ፊደላችን ለእነዚህ የመብራት ነጠብጣብ ስክሪኖች ይመቻል ወይ? የሚገዙት ከውጭ ነው፤ የተሠሩትም ለላቲን ፊደል ነው።

ባለሙያዋ፦ ለመጀመሪያው ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሜክሲኮ አገር ዋና ከተማ ነች። የከተማዋ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ማንበብ የማይችል ብዙ ሕዝብ እንዳለ ታስቦ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕል ተሰጠው፤ ሥራውን የመራው ላንስ ዋይማን የተባለ ንድፍ አውጪ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ጣቢያውን በሥዕሉ ሊያውቀውና ለሌላው ሊጠቁመው ይችላል። እኛም የመስመር ቁጥር የመጠቀም ልማድ አለን፤ አንበሳ አውቶቡስን ሰው የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። የቀላል ባቡሩም መስመሮች በአረንጓዴና በሰማያዊ ተለይተዋል። ቁጥር፣ ቀለምና ሥዕል ከፊደል ጎን ከቆሙ ሰሌዳው ፊደል ላልቆጠረውም፣ አማርኛ ለማያነበውም ይናገራል።

የፊደሉ ጉዳይ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለላቲን ፊደል ወደ ላይ 7፣ ወደ ጎን 5 ነጠብጣብ ያለው መደብ ከጥንት ጀምሮ በቂ ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። የኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው በትናንሽ ጭረትና ቀለበት ነው። ‹ሉ› እና ‹ሊ› የሚለያዩት ጭረቷ መሐል ላይ ወይም ግርጌ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው፤ ‹ሌ› ደግሞ በግርጌው ቀለበት። በ7 ነጠብጣብ ቁመት ይህ ይጠፋል። ስለዚህ ግዢ ሲፈጸም «አማርኛ ያሳያል» የሚል የሻጭ ቃል አይበቃም። የነጠብጣቡ ብዛት፣ የፊደሉ ቁመት በሚሊሜትር፣ ከስንት ሜትር እንደሚነበብና ፀሐይ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን በውሉ ሊጻፍ ይገባል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ደንብ የአውቶቡስ የፊት ቁጥር ቢያንስ 200 ሚሊሜትር፣ የመድረሻው ስም ቢያንስ 125 ሚሊሜትር ቁመት እንዲኖረው ወስናለች፤ የመድረሻው ስም በትልልቅ የላቲን ፊደላት ብቻ እንዳይጻፍም ከልክላለች፤ እንደዚያ የተጻፈ ቃል ቅርጹ አንድ ወጥ ስለሚሆን ከሩቅ ለመለየት ያስቸግራልና። ለግዕዝ ፊደል ተመሳሳይ መለኪያ ማውጣት የኛ ሥራ ነው፤ ማንም ሌላ አገር አይሠራልንም።

አጎት፦ አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄዬ ልምጣ። እንደኛ ባለ ከተማ መንገዱ በድንገት ይዘጋል፤ ዝናብ ይጥላል፤ አንድ መኪና መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ሾፌሩም አያውቅ። እንዲህ ባለበት ሰሌዳው «3 ደቂቃ» ብሎ ግማሽ ሰዓት ቢያቆመን ሕዝቡ መንግሥትን ዋሾ ይላል። ያልተናገረ አልዋሸም፤ ዝም ማለቱ አይሻልም?

ባለሙያዋ፦ ውሸት የሚናገር ሰሌዳ ጨርሶ ካለመኖሩ እንደሚብስ እስማማለሁ፤ በመለኪያዬም ወድቋል። ሰውየው በእግሩ መሄድ ሲገባው አቁሞታልና የተሳሳተ ውሳኔ አስወስኖታል። ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ካወቅን ግን ይስተካከላል። ደቂቃው የሚሰላው አውቶቡሱ ካለበት ቦታ፣ ከቀረው ርቀትና ያ ርቀት በተመሳሳይ ሰዓት ሌላ ቀን ከፈጀው ጊዜ ነው። አውቶቡሱ ቅርብ ሲሆን ግምቱ ይጠነክራል፤ ሩቅ ሲሆን ይላላል። ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን የሚመጣው ከስሌቱ አይደለም። አውቶቡሱ ጨርሶ ካልወጣ ወይም መሣሪያው ካልሠራ፣ ብዙ ሥርዓቶች የወረቀቱን መርሐ ግብር እንደ እውነት አድርገው ያሳያሉ። ደቂቃው እየቆጠረ ይወርዳል፣ ዜሮ ይደርሳል፣ አውቶቡሱ ግን የለም። ይህን ማሽኑ በራሱ አልወሰነውም፤ አለማወቅን ለመደበቅ ሰው የወሰነው ነው። የሚታየው መርሐ ግብር ከሆነ መርሐ ግብር መሆኑ፣ መረጃ ከሌለም አለመኖሩ በግልጽ ይጻፍ። «በዚህ መስመር አሁን መረጃ የለንም» የሚል ሰሌዳ ለተሳፋሪው እውነት ነግሮታል፤ ሌላ መንገድ ለመፈለግ መወሰን ይችላል።

ለተጨናነቀ መንገድ ደግሞ ኒውዮርክ ያደረገችው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሩክሊን በአንድ መስመር ላይ የአውቶቡስ መረጃ ሲጀመር ደቂቃ አልተሰጠም ነበር፤ አውቶቡሱ በስንት ማይል ወይም በስንት ፌርማታ ርቀት ላይ እንዳለ ብቻ ይነገር ነበር። የደቂቃ ግምት የተጨመረው ኋላ ላይ ነው። ሥርዓቱም የተሠራው የሲያትል ሰዎች ለማንም ክፍት አድርገው ባቀረቡት ፕሮግራም ላይ ነው። «አውቶቡሱ 4 ፌርማታ ይቀረዋል» ማለት ትንበያ አይደለም፤ የታየ ነገር ነው። መንገዱን የሚያውቅ ተሳፋሪ ጭንቅንቁን አይቶ የቀረውን ራሱ ያሰላዋል። አዲስ አበባም ከዚህ ብትጀምር ቃሏን ሳታጥፍ ታገለግላለች።

አጎት፦ ወጪውን ለመሸፈን ማስታወቂያ ቢገባበትስ? ብዙ ነጋዴ ይከፍላል።

ባለሙያዋ፦ ይግባ፤ በተሳፋሪው ውሳኔ ቦታ ላይ ግን አይግባ። የጃፓን የቶኪዮ ያማኖቴ መስመር እ.ኤ.አ. በ2002 በገቡት አዳዲስ ባቡሮች ላይ ይህን በጥሩ ሁኔታ ፈትቶታል። ከእያንዳንዱ በር በላይ ሁለት ስክሪን ተሰቀለ፤ አንዱ ለማስታወቂያ፣ ሌላው ለቀጣዩ ጣቢያና ለጉዞ መረጃ ብቻ። ገንዘቡ ይገኛል፤ መውረጃውን የሚፈልግ ሰውም የሳሙና ማስታወቂያ እስኪያልቅ አይጠብቅም። አንድ ስክሪን ብቻ ካለ መረጃው ቋሚ ሆኖ ማስታወቂያው ጠርዝ ይያዝ። ተሳፋሪው ቀና ብሎ የሚያየው ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ነው፤ በዚያች ሰከንድ ያላገኘው መረጃ ለእሱ የለም።

አጎት፦ እንግዲህ በጀቱን የምፈርመው እኔ ነኝ እንበል። ያለኝ ገንዘብ ጥቂት ነው። በቅደም ተከተል ንገሪኝ፤ «ሁሉም ያስፈልጋል» የሚል መልስ ግን አልቀበልም።

ባለሙያዋ፦ መጀመሪያ ቀለምና ቆርቆሮ። እያንዳንዱ ፌርማታ ስሙ፣ መለያ ቁጥሩና የሚያልፉበት መስመሮች ይጻፉበት። ይህ መብራት አይፈልግም፤ ወጪውም ትንሽ ነው፤ ኋላ የሚመጣውም ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ግንባርና ድምፅ። የእያንዳንዱ አውቶቡስ ቁጥርና መድረሻ ከሩቅ ይነበብ፤ እንደ ታክሲው ታፔላ ማለት ነው፤ ውስጥም ቀጣዩ ፌርማታ በድምፅ ይነገር፤ መሣሪያ እስኪገዛ ድረስ ሾፌሩ ወይም ቲኬት ቆራጩ ይናገር። ሦስተኛ አቅጣጫ መጠቆሚያው። አውቶቡሶቹ የት እንዳሉ መጀመሪያ የስምሪት ክፍሉ ይየው፤ ለሥራው ይጠቀምበት፤ አስተማማኝ መሆኑ ሲረጋገጥ በአጭር መልእክትና በክፍት መረጃ ለሕዝብ ይለቀቅ። ስክሪን አራተኛ ነው፤ እሱም መስመሮች በሚገናኙባቸው፣ ሰው በሚበዛባቸውና መሳሳት ሩቅ መወሰድ በሆነባቸው ቦታዎች ብቻ። አምስተኛውን ደግሞ ከሁሉም ጋር አብረው ይፈርሙልኝ፤ የጥገና በጀትና አንድ ኃላፊ። የጠፋውን ስክሪን የሚያበራ፣ የተሳሳተውን የሚያርም፣ መንገድ ሲዘጋ በደቂቃዎች ውስጥ ለሕዝብ የሚናገር፣ ስሙና ስልኩ የሚታወቅ የሥራ ክፍል ከሌለ የመጀመሪያዎቹን አራቱን ባይጀምሩ ይሻላል።

አጎት፦ ቅደም ተከተሉን ወድጄዋለሁ፤ ስክሪኑን አራተኛ ማድረግሽም እምነት አሳድሮብኛል። የሚቀረኝ አንድ ጥርጣሬ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አይታዩም፤ ፎቶ አይነሱም፤ ሪባን አይቆረጥባቸውም። ባለሥልጣን የሚመርጠው አራተኛውን ነው።

ባለሙያዋ፦ ለዚህ ነው ተሳፋሪው ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ያለበት፤ ጋሼ። ስክሪን ተሰቅሎ ሲያይ ቢያጨበጭብ አይከፋም፤ ግን ወዲያው «ምን እንድወስን አስቻለኝ?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ከሕዝቡ ከመጣ መልሱ ከበላይ መምጣቱ አይቀርም።

ምልልሱ እዚህ ላይ ያበቃል። አጎቷ የሥራውን ቅደም ተከተል ተቀብለዋል፤ ጥርጣሬያቸውን ግን አልተዉም፤ ባይተዉትም ይሻላል። የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሰው የከፈለበት ጉዞ የሚጀምረው በሩ ሲከፈት ሳይሆን ወዴትና መቼ እንደሚሄድ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ መረጃው በልግስና የሚጨመር ነገር ሳይሆን የአገልግሎቱ አንድ ክፍል ነው። አውቶቡስና ባቡር ለመግዛት ውል የምታዘጋጁ ሁሉ የፊደሉን ቁመት፣ የድምፁን ማስታወቂያ፣ የክፍት መረጃውን ግዴታና የጥገናውን ኃላፊ ከሞተሩ ጉልበትና ከወንበሩ ቁጥር ጎን በውሉ ጻፉ። እናንተ ተሳፋሪዎችም ፌርማታችሁ ስም እንዲኖረው፣ አውቶቡሳችሁ መድረሻውን እንዲናገር ጠይቁ፤ እስኪፈጸምም ድረስ አትተዉ።